የሦስት ቀን ሜዲካል ሚሽን በፊሊፒንስ ገጠር፦ የሥራ ማስታወሻ

ሜዲካል ሚሽን፣ ማለትም ሦስት ቀን ቆይቶ የሚሄድ የበጎ ፈቃድ ሕክምና ቡድን፣ የማንንም ደም ግፊት አያክምም። ግፊት የሚታከመው በየወሩ ክኒኑን የሚሰጥና እየለካ የሚከታተል ሰው ሲኖር ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ቡድኑ ሳይደርስም መንደሩ ውስጥ አለ። ነርስ፣ ፋርማሲስት ወይም ሐኪም ሆናችሁ ወደ ፊሊፒንስ ገጠር ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ከጠረጴዛ አቀማመጥ ጀምሮ እስከ ክኒን ቆጠራ ያለውን ሁሉ ለዚያ ሰው እንዲመች አድርጋችሁ አዘጋጁ።

ከመነሳት በፊት

በፊሊፒንስ ትንሹ የአስተዳደር እርከን ባራንጋይ ይባላል፤ የእኛ ቀበሌ ቢጤ ነው። የሚመራው በምርጫ የተቀመጠ ካፒታን ነው፤ ሰዉ አሳጥሮ "ካፕ" ይለዋል። ባራንጋዩ ፑሮክ ወይም ሲትዮ ወደሚባሉ ጎጦች ይከፈላል። በጤና ጣቢያው አንዲት አዋላጅ ትመደባለች፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ባራንጋይ ትሸፍናለች። ከእሷ ጋር ቤት ለቤት የሚዞሩት ቢ ኤች ደብልዩ የሚባሉት የጤና ሠራተኞች ናቸው። የእኛን ጤና ኤክስቴንሽን ቢመስሉም ደመወዝተኛ አይደሉም፤ መጠነኛ አበል ነው የሚያገኙት። ሐኪሙ የሚገኘው በማዘጋጃ ቤቱ ከተማ፣ አር ኤች ዩ በሚባለው የገጠር ጤና ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ የጤና አገልግሎትን ለአካባቢ መንግሥታት ስላስተላለፈ፣ የከንቲባውና የማዘጋጃ ቤቱ ጤና ኃላፊ ስምምነት ሳይኖር ሥራ አይጀመርም። የውጭ አገር ሐኪም፣ ነርስና የጥርስ ሐኪም ከአገሪቱ የሙያ ፈቃድ ኮሚሽን ልዩ ጊዜያዊ ፈቃድ ማውጣት አለባቸው። ወራት ቀድማችሁ ጀምሩት።

መድኃኒት ከውጭ ተሸክማችሁ አትሂዱ። የጉምሩኩና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ ጣጣ አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሰውየው ከአሜሪካ በመጣ የንግድ ስም የተጻፈ ብልቃጥ ይዞ ቢገባ፣ ክኒኑ ሲያልቅ በአካባቢው ፋርማሲ ያንኑ ጠርቶ አያገኝም። እዚያው የተገዛ ጄኔሪክ (በንግድ ስም ሳይሆን በመድኃኒቱ በራሱ ስም የሚሸጥ) የግፊት መድኃኒት፣ አምሎዲፒን ወይም ሎሳርታን፣ ከሆነ ግን ጤና ጣቢያውም ፋርማሲውም ያውቀዋል። የግድ ከውጭ የሚገባ ካለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የልገሳ መመሪያ አገር ውስጥ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የመጠቀሚያ ጊዜ እንዲቀረው ይጠይቃል።

ስለ መብራት ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የፊሊፒንስ ሶኬት ቅርጹ እንደ አሜሪካው ጠፍጣፋ ነው፤ ኃይሉ ግን 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ የመጣ የ110 ቮልት ኔቡላይዘር (መድኃኒትን በጉም መልክ የሚያስተነፍስ መሣሪያ) ያለ ምንም አስማሚ ይሰካል፣ ወዲያውም ይቃጠላል። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ዕቃ በተቃራኒው ቮልቱ ይስማማዋል፣ ክብ እግሩ ግን አይገባም፤ አስማሚ ይፈልጋል። መብራት መጥፋትን "ብራውንአውት" ይሉታል፤ ስለዚህ የምትይዙት መለኪያ ሁሉ በባትሪ የሚሠራ ይሁን።

ቋንቋ

ማኒላ ባለችበት በሰሜኑ የሉዞን ደሴት ብዙውን ቦታ ታጋሎግ ያግባባል፤ ወደ መሐለኞቹ የቪሳያስ ደሴቶችና ወደ ደቡቡ ሚንዳናው ሲወረድ ግን ቢሳያ (ሴቡዋኖ)፣ ዋራይ፣ ሂሊጋይኖን ይመጣል። ከማኒላ የመጣ በጎ ፈቃደኛ ሁሉ አስተርጓሚ ይሆናል ብላችሁ አትገምቱ። በታጋሎግ "ሂሎ" ማዞር ነው፤ በሴቡዋኖ ግን "ሂሎ" መርዝ ነው፣ ማዞር "ሊፖንግ" ይባላል። ትኩሳት በታጋሎግ "ላግናት"፣ በሴቡዋኖ "ሂላናት"። ሳል በሁለቱም "ኡቦ" ነው። ስለዚህ በየጠረጴዛው አንድ የመንደሩ ቢ ኤች ደብልዩ ተቀምጣ ታስተርጉም። ለትልልቅ ሰው በታጋሎግ "ፖ" የምትለው ቃል የእኛን "እርስዎ" ትተካለች፤ አዛውንቷን "ናናይ" ወይም "ሎላ"፣ አዛውንቱን "ታታይ" ወይም "ሎሎ" ብሎ መጥራት ያስፈልጋል።

ከበሽታ ስሞች ውስጥ ለእኛ የሚቀለን "ፓስማ" ነው። ትኩስ የሆነ ገላ ብርድ ወይም ውሃ ሲያገኘው የሚመጣ መንቀጥቀጥ፣ የእጅ ማላብና ሕመም ነው ይላሉ፤ በምችና በብርድ ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል። "ፓስማ አለብኝ" ያለውን ሰው አትከራከሩት፤ እጁ የሚያልበውና የሚንቀጠቀጠው ከስኳር፣ ከእንቅርት ወይም ከምግብ ማጣት እንደሆነ መርምሩ። "ኡሶግ" ደግሞ የእኛው ዓይን ነው፤ እንግዳ ሕፃኑን አድንቆ ሲያልፍ ሕፃኑ ይታመማል ይባላል። "ምን ያምራል!" ካላችሁ "ፕዌራ ኡሶግ" ብላችሁ አስከትሉ፤ በሴቡዋኖ አካባቢ "ፕዌራ ቡያግ" ነው። እናታችን እንትፍ እንትፍ ስትል እንደምንረዳት እነሱም ያን ጊዜ ይረዷችኋል።

ዋዜማው

ቦታው አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያ ያለው የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው። የጠረጴዛው ቅደም ተከተል ምዝገባ፣ ልኬት፣ ሐኪም፣ ፋርማሲ፣ በመጨረሻም የአዋላጇ ጠረጴዛ ነው። የመጨረሻው እንዳይቀር አደራ። ማንም ሰው እዚያ ሳያልፍ አይውጣ፤ መውጫውም አንድ ብቻ ይሁን።

የሰውን ቁጥር ዋዜማውን ወስኑ። አንድ ሐኪም ለአንድ ሰው 7 ደቂቃ ቢሰጥ በሰዓት 8 ሰው፣ በ5 ሰዓት 40 ሰው ያያል። አራት ሐኪም ካለ 160 ቁጥር ይታተምና ቢ ኤች ደብልዩዎቹ በየፑሮኩ ያድሉት፤ ከሩቅ ሲትዮ የሚመጡት የጠዋቱን ቁጥር ይውሰዱ። ቁጥር ሳይታደል ከተከፈተ ቅርብ ያለው ሁሉ ቀድሞ ይሰለፋል፤ ተራራው ላይ ያለችው ነፍሰ ጡር ስትደርስ ሰዓቱ አልቋል። ዕድሜያቸው 60 የሞላ ሰዎች ቅድሚያ በሕግ አላቸው።

አንደኛ ቀን፦ ልኬትና ፋርማሲ

ሰዉ ገና ሳይነጋ ይመጣል። ከጎጡ በፀሐይ ተጉዞ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ሽንቱን ይዞ የተቀመጠ ሰው ወዲያው ቢለካ ግማሹ መንደር ግፊተኛ ይሆናል። 5 ደቂቃ አሳርፉት፤ ጀርባው ይደገፍ፣ እግሩ መሬት ይንካ፣ ክንዱ በልብ ከፍታ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ ወሬ የለም። ከፍ ካለ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ቆይታችሁ ድገሙ። የካፉ (ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ) ከረጢት የክንዱን ዙሪያ 80 በመቶ ያህል መሸፈን አለበት፤ ጠባብ ካፍ ግፊቱን ከእውነቱ በላይ ያሳያል። ሦስት መጠን ያዙ።

180 በ120 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የእይታ መደብዘዝ፣ የአንድ ወገን መድከም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ በተዘጋጀ መኪና ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ምልክት ከሌለው ግን ቁጥሩን እዚያው በፍጥነት ለማውረድ አትሞክሩ፤ ኒፌዲፒን የተባለውን የግፊት መድኃኒት ከምላስ ሥር ማድረግ የድሮ ልማድ ነው፣ ግፊቱን በድንገት ጥሎ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። የሚውጠውን ክኒን አስጀምሩ፣ የነገውን ልኬት ለቢ ኤች ደብልዩዋ ስጡ።

የስኳር መለኪያ ስትሪፕ በርጥበት ይበላሻል። ብልቃጡ ክፍት ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ከዋለ ውጤቱ አይታመንም፤ አንዱን አውጥታችሁ ወዲያው ክደኑ፣ ብልቃጡንም ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ።

በመጀመሪያው ቀን የሚታነቀው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ፋርማሲው ነው። ሐኪሙ በ7 ደቂቃ የጨረሰውን ሰው ፋርማሲው ክኒን እየቆጠረ ያቆየዋል። መፍትሔው ማታ ነው፤ አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም፣ ሎሳርታን 50 ሚሊ ግራም፣ የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን 500 ሚሊ ግራም እየተቆጠረ በትንንሽ ላስቲክ ቀድሞ ይታሸግ። ለአንድ ሰው የ30 ቀን ብቻ ስጡ፤ የቀረውን የሁለት ወር ክኒን በስሙ ለአዋላጇ አስረክቡ። 90 ክኒን በአንዴ ቤት የገባ እንደሆነ ለጎረቤት ይካፈላል፣ ሰውየውም ለልኬት አይመለስም።

ላስቲኩ ላይ ሰዓት አትጻፉ። በተለይ እኛ ልንጠነቀቅ ይገባል፤ እነሱ "አላስ ኦትሶ" የሚሉት በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነውና፣ በድካም መሐል "2" ብሎ የጻፈ ሰው ከቀትር በኋላ አስዋጠ ማለት ነው። ፀሐይና ጨረቃ ሳሉ፤ ከሥሩ በታጋሎግ "ኡማጋ" (ጠዋት)፣ "ታንግሃሊ" (ቀትር)፣ "ጋቢ" (ማታ)፣ "ፓግካታፖስ ኩማይን" (ከምግብ በኋላ) ይጻፍ፤ ፊደሉን ቢ ኤች ደብልዩዋ ትጻፈው።

ሁለተኛ ቀን፦ ልጆች

የፓራሲታሞል ሽሮፕ በአገሩ ገበያ 120 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትርም፣ 250 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትርም አለ። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ የሚያስፈልገው ከ120 እስከ 180 ሚሊ ግራም ነው። ከመጀመሪያው ከ5 እስከ 7.5 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለተኛው ግን ከ2.4 እስከ 3.6 ሚሊ ሊትር ይሆናል። "አንድ ማንኪያ" ብላችሁ ከሸኛችኋት፣ እናቲቱ ቤቷ ካለው ብርቱ ሽሮፕ በቀን አራት ጊዜ ስትሰጥ መጠኑ ያልፋል። ስለዚህ ሚሽኑ አንድ ዓይነት ሽሮፕ ብቻ ይግዛ፤ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ላይ በቋሚ ቀለም መስመር ይሰመር፣ እናቲቱም በውሃ ቀድታ ታሳያችሁ።

ለትኩሳት አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን አትስጡ። ዴንጊ (በትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ ትኩሳት) ባለበት አገር ሁለቱም የመድማት አደጋ ያባብሳሉ። ትኩሳቱ ሲወርድ የሆድ ሕመም፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ የድድ መድማት ወይም መፍዘዝ የመጣበት ልጅ የዚያኑ ሰዓት ሪፈር ይባላል፤ በዴንጊ አስጊው ጊዜ ትኩሳቱ የሚወርድበት ነውና ቤተሰቡ "ተሻለው" ብሎ እንዳይዘናጋ ደጋግማችሁ ንገሩ።

ለሆድ ትል አልቤንዳዞል ከመስጠታችሁ በፊት አዋላጇን ጠይቁ፤ በጥርና በሐምሌ አካባቢ (በእነሱ ጃንዋሪና ጁላይ) ብሔራዊ ዘመቻ አለ። ከ2 ዓመት በላይ 400 ሚሊ ግራም፣ ከ12 እስከ 23 ወር ግማሹ፣ አንድ ጊዜ። ለትንንሾች ክኒኑ ተፈጭቶ በውሃ ይሰጥ፤ እያለቀሰ የሚውጥ ሕፃን ይታነቃል።

እከክ የሚመለሰው መድኃኒቱ ስለማይሠራ ሳይሆን አንድ ልጅ ብቻ ስለሚታከም ነው። ፐርሜትሪን 5% የተባለው ቅባት ከአንገት በታች መላ ገላ ተቀብቶ ከ8 እስከ 14 ሰዓታት ያህል ይቆያል፣ ይታጠባል፣ በሳምንቱ ይደገማል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ሌሊት። ለአንድ አዋቂ እስከ 30 ግራም ስለሚሄድ የቤተሰቡን ቁጥር ሳትጠይቁ አንድ ቱቦ ሰጥቶ መሸኘት ገንዘብ መጣል ነው።

ከ2 ሳምንት በላይ የሳለ ሰው ማስክ አድርጎ ከሜዳው ውጪ አየር ላይ ይታይ፣ ለቲቢ ምርመራም ወደ አር ኤች ዩ ይላክ፤ ሕክምናው በነፃ ነው። "እስከዚያው" ተብሎ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ሌቮፍሎክሳሲን የተባሉት አንቲባዮቲኮች አይሰጡ፤ ቲቢውን ለጊዜው ደብቀው ምርመራውን ያዘገያሉ።

ጥርስ

ረጅሙ ሰልፍ ይኸ ነው። ከመንቀል በፊት ግፊት ይለካ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይጠየቅ። ማምከኛው እውነተኛ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት መሣሪያ የሚያመክን ማሽን) ካልሆነ የእንፋሎቱን ግፊት አረጋግጡ፤ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለመድረስ 15 ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ያስፈልጋል፣ ብዙ የወጥ ቤት ፕሬሸር ኩከር ግን እዚያ አይደርስም። በአልኮል መጥረግ ማምከን አይደለም። 40 ሰው ለመንቀል ሥራውን የሚወስነው የመቀመጫው ቁጥር ሳይሆን ማምከኛው አንድ ዙር የሚፈጅበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ቀጠሮው በመሣሪያው ስብስብ ልክ ይሁን። ከተነቀለ በኋላ ጎዝ 30 ደቂቃ ተነክሶ ይቆይ፣ ቀኑን አይትፉ፣ በስትሮው አይጠጡ።

ኑሮው

ቁርስም ምሳም እራትም ሩዝ ነው፤ በመሐል ጠዋትና ከሰዓት "ሜሪየንዳ" የሚሉት መክሰስ አለ። እንግዳን ለማክበር የሚቀርበው ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ነው፤ የማትበሉ ከሆነ አሳማው ከመታረዱ በፊት፣ ዋዜማውን፣ "ሂንዲ ፖ አኮ ኩማካይን ናንግ ባቦይ" ብላችሁ ለካፑ ቤት ንገሩ። ዓርብ ዓርብ "ሞንጎ" የሚባል የአረንጓዴ ማሾ ወጥ መሥራት የተለመደ ነው፤ ለጿሚ ደስ ይላል፣ ግን አሳማ ወይም ዓሣ ስለሚገባበት ለብቻው እንዲወጣላችሁ ጠይቁ።

የመጠጥ ውሃ ከማጣሪያ ሱቅ በ5 ጋሎን ዕቃ ይገዛል፤ በዚያ ሙቀት ለአንድ ሠራተኛ በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር አስቡ። ገላ የሚታጠበው በባልዲና "ታቦ" በሚሉት ጣሳ ነው። አጎበር ለሌሊት ጥሩ ነው፤ የዴንጊ ትንኝ ግን ቀን ነው የምትነክሰው፣ ስለዚህ ቅባቱን ጠዋትና ከሰዓት ተቀቡ። ከጎርፍ በኋላ በባዶ እግር ውሃ ውስጥ መግባት ሌፕቶስፓይሮሲስ (በአይጥ ሽንት በተበከለ ውሃ የሚይዝ በሽታ) ሊያመጣ ይችላል፤ ቦት ጫማ ያዙ። ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጠጠ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥባችሁ የዚያኑ ቀን ወደ እንስሳ ንክሻ ሕክምና ማዕከል ሂዱ።

ሦስተኛ ቀን፦ ርክክብ

ከሰዓት በኋላ አዲስ ሰው አይመዝገብ። አንድ ደብተር በፑሮክ ተከፍሎ ይሞላል፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ሁለቱ የግፊት ልኬቶች፣ የተጀመረው መድኃኒትና መጠኑ፣ የተሰጠው ክኒን ብዛት፣ ክኒኑ የሚያልቅበት ቀን። የመጨረሻው ዓምድ ከሁሉም ይበልጣል፤ አዋላጇ ማን መቼ ባዶ እጁን እንደሚቀር ከዚያ ታነባለች። ሪፈር የተባሉት በሌላ ገጽ፣ ከእነ ትራንስፖርታቸው፤ የጂፕኒ (የሕዝብ ማመላለሻ መኪና) ወይም የትራይስክል (የጎን መቀመጫ ያለው ሞተር ሳይክል) ገንዘብ የሌለው ሰው ወረቀቱን ይዞ ቤቱ ነው የሚቀመጠው።

ቆሻሻውን እዚያው ቆፍራችሁ አታቃጥሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ የሕክምና ቆሻሻ ማቃጠልን ይከለክላል። የመርፌ ሳጥኖቹ ሦስት አራተኛ ሲሞሉ ይታሸጉ፣ ተቆጥረውም በመኪናው ወደ አር ኤች ዩ ይሂዱ። የተረፈው መድኃኒት በዓይነት፣ በብዛትና በሚያበቃበት ቀን ተዘርዝሮ አዋላጇ ፊት ይቆጠራል፤ እሷ ያልፈለገችውን መልሳችሁ ጫኑት፣ ጠባቡን ቁም ሣጥኗን አትሙሉባት። ደብተሩ በእጇ ይቆይ፤ ቡድኑ ይዞት የሚሄደው ቅጂውን ነው።