«እርስዎ» ወደ ቤታችን እንዴት ተመለሰ

ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥተው አራት ኪሎ እኛ ዘንድ ከርመዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ደብተሯን አንስተው «ይሄ ምን ይላል፣ የኔ እናት?» ብለው ጠየቋት። ልጄ ቀና እንኳን ሳትል «አንቺ አይገባሽም፤ እንግሊዝኛ ነው» አለቻቸው። እናቴ ደብተሩን በቀስታ አጥፈው ቦታው መለሱት፤ ነጠላቸውንም አስተካከሉ። አንድም ቃል አልተናገሩም።

መጀመሪያ ጥፋቱን ትምህርት ቤቱ ላይ ጣልኩ። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ግን ያንን ትምህርት ቤት ወረፋ ይዤ የመረጥኩት እኔ ነኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስኪ በእንግሊዝኛ ተናገሪላቸው» ስላት የኖርኩትም እኔው ነኝ። የአያቷ ቋንቋ ዝቅ ያለ እንደሆነ ማንም በአፉ አልነገራትም፤ ከእኔ ደስታ አንብባ ተረዳችው።

ከዚያ ሌላ ስህተት ሠራሁ። ሕግ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ፤ እቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ከለከልኩ። ልጄ አማርኛ አላበዛችም፤ ዝም አለች። ያ ዝምታ ከስድቧ ይልቅ አስደነገጠኝ። እኔ ያደግኩት ልጅ በትልቅ ሰው ፊት በማይናገርበት ቤት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እንኳን እጄን አውጥቼ ለመጠየቅ እፈራ ነበር። አክብሮት ማለት ይሄ ከሆነ ለልጄ አላወርሳትም። ወረቀቱን ቀደድኩት።

መንገዱን ያሳዩኝ እናቴ ናቸው። ምክር አልሰጧትም፤ ሥራ ሰጧት። ከምሳ በፊት ማስታጠቢያውን ይዛ፣ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጥላ ከትልቅ ጀምራ እጅ ታስታጥባለች። የመጀመሪያ ቀን ውኃውን ለቀቀችውና የአያቷን እጅጌ አራሰችው። «ውኃውን አትዪ፤ እጄን እዪ» አሏት። በሦስተኛው ቀን አያቷ ጣቶቻቸውን አሽተው እስኪጨርሱ ጠብቃ፣ እንደገና ጠብ ጠብ አድርጋ ስታፈስ አየኋት። «እደጊ፣ ተመንደጊ» ሲባል ፊቷ በራ። ጎረቤት ለቡና ሲገባ ተነስታ «ኖር!» ማለትንም እንዲሁ ለመደች፤ «በእግዜር» የሚለውን መልስ ለመስማት ስትል ቀድማን ትነሳለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በእግራችን ወደ ስድስት ኪሎ እንወጣለን። የየካቲት 12 ሐውልት ላይ የተቀረጹትን ሰዎች አይታ «ለምን ገደሏቸው?» አለችኝ። በ1929 ዓ.ም. የሆነውን ዕድሜዋ በሚችለው መጠን ነገርኳት። ጥያቄዋ ግን አላበቃም፤ እኔም አላቋረጥኳትም። ልጅ የሚወደውን ነገር ያከብራል፤ ለመውደድ ደግሞ ታሪኩን መጠየቅ መቻል አለበት ብዬ አምናለሁ።

ወደ ትምህርት ቤቱም ሄድኩ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብን ለአንደኛ ደረጃ መልሶታል፤ በልጄ ክፍል ግን ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ማካካሻ ይውል ነበር። ሦስት ወላጆች ሆነን በአክብሮት ጠየቅን። መምህሯ ራሳቸው ደስ ብሏቸው ወደ ቦታው መለሱት፤ አሁን ልጆቹ ከአያቶቻቸው የሰሙትን ተረት ይዘው ይመጣሉ። ቀድሜ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ብዙ ወራት ባልባከኑ ነበር።

እንግሊዝኛውን አልነፈግኳትም። የእህቴ ልጅ ተወልዶ ያደገው ዋሽንግተን ነው፤ አማርኛ አይችልም። ባለፈው እሑድ በስልክ አያቱን ማናገር ፈለገና ልጄ አስተርጓሚ ሆነች። የተናገረውን ሰምታ «ደኅና ነ…» ብላ ጀመረችና ቆመች። ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ በእንግሊዝኛ እኮ ዩ አንድ ብቻ ነው። አንቺ ማለቱ ይሁን እርስዎ በምን አውቃለሁ?»

«አንቺ ምረጪለት» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። ከዚያ ወደ አያቷ ዞራ «ደኅና ነዎት ወይ? መቼ ነው እኛ ጋ የሚመጡት? ይልዎታል» አለቻቸው። እናቴ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ልጁ ምን እንዳስለቀሳቸው ሲጠይቅ ልጄ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ ቃሉን ራሱ እንዲለው ታስጠናው ጀመር፦ «ነ… ዎት። እንደገና። ነ… ዎት።»