ሁለተኛው ልጅ እና ባሕሩ

ስለ ልዑል አልበርት ሲነሳ ሁሌም የምትቀድም አንዲት ቁጥር አለች፦ ከ68 ተማሪ 68ኛ። አልበርት ማለት ኋላ ጆርጅ 6ኛ ተብሎ የነገሠው፣ ጃንሆይ ባዝ ከተማ በስደት ከቆዩባቸው ዓመታት በአብዛኛው በእንግሊዝ ዙፋን ላይ የነበረው ሰው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ቁጥሩ እውነት ነው። 13 ዓመት ሞልቶት በጃንዋሪ 1909 ኦዝቦርን የባሕር ኃይል ኮሌጅ ገባ፤ በ1910 ማብቂያ ፈተና የመጨረሻውን ደረጃ ያዘ። የሚያናድደኝ ቁጥሩ ብቻውን መነገሩ ነው። ግራኝ ሆኖ ተወልዶ በቀኝ እጁ እንዲጽፍ ተገዷል። ጉልበቶቹ ስለሚጋጩ እግሩ እንዲቃና በድጋፍ ይታሰር ነበር። 8 ዓመት ገደማ ሲሆነው ደግሞ ምላሱ መያዝ ጀመረ። ክፍል ውስጥ የግማሽ ግማሽ ስንት እንደሆነ ተጠይቆ ዝም ያለበት ቀን አለ። መልሱን ያውቀዋል። “ኳርተር” ለማለት ግን የመጀመሪያዋ ድምፅ አልወጣ አለችው። አስተማሪ ዝምታውን አለማወቅ ብሎ ይመዘግባል፤ ይህ ሲደጋገም ከ68 68ኛ ይሆናል።

ለምን ባሕር ኃይል? ሁለተኛ ልጅ ስለነበረ ነው። ዙፋኑ የታላቅ ወንድሙ የኤድዋርድ ነው ተብሎ ተቆርጧል፤ ለታናሹ ሙያ ያስፈልገዋል። አባታቸው ጆርጅ 5ኛም በ12 ዓመቱ፣ በ1877፣ በዚሁ መንገድ ነበር የገባው። እሱም ሁለተኛ ልጅ ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ በ1892 ሲሞት ነው ባሕሩን ትቶ ለንግሥና መዘጋጀት የጀመረው። በቤተሰቡ ውስጥ አንዴ የሆነ ነገር ሁለተኛ ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው ግን ያለ አይመስለኝም።

በሴፕቴምበር 1913 ኮሊንግዉድ የምትባል የጦር መርከብ ላይ ሚድሺፕማን ሆኖ ተመደበ። ይህ ከመኮንኖች ደረጃ ዝቅተኛው ነው። መርከቡ ላይ ስሙ “ሚስተር ጆንሰን” ነበር። እንደ እኩዮቹ የሚተኛው ከጣሪያ በተንጠለጠለ የሸራ አልጋ ላይ ነው። ባሕሩ ሲናወጥ ክፉኛ ያዞረዋል፤ ያስመልሰዋል። ከሁሉ የከፋው ሥራ የድንጋይ ከሰል መጫን ነበር። ኮሊንግዉድ ከ2,500 ቶን በላይ ከሰል ትይዛለች፤ ያ ሁሉ ወደ መርከቡ የሚገባው 100 ኪሎ ገደማ በሚመዝኑ ከረጢቶች ተሞልቶ በሰው ጉልበት ነው። ከዚህ ሥራ ሚድሺፕማን አይቀርም። አቧራው ዓይን ውስጥ፣ ጥርስ መሃል፣ የአልጋው ሸራ ውስጥ ይገባል። የንጉሥ ልጅ መሆን እዚያ ምንም አይፈይድም፤ እሱ ባሕር ኃይልን የወደደውም በዚሁ ይመስለኛል።

የከዳው ሆዱ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት በተጀመረ በ3ኛው ሳምንት፣ በኦገስት 1914፣ ከባድ የሆድ ቁርጠት ያዘው። ትርፍ አንጀት ሆኖ ተገኘ፤ ሮሂላ በምትባል የሆስፒታል መርከብ አበርዲን ተወስዶ ሴፕቴምበር 9 ቀን ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሮሂላ ከዚያ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላት ዊትቢ አጠገብ ከዓለት ጋር ተጋጭታ ከ80 በላይ ሰው አልቆባታል።

ቀዶ ጥገናው ግን ሕመሙን አልጨረሰውም። በፌብሩዋሪ 1915 ወደ መርከቡ ተመለሰ፤ ወራት ሳይቆይ እንደገና ወደቀ። ሐኪሞቹ “የጨጓራው ጡንቻ ደክሟል” ብለው እረፍትና የተመረጠ ምግብ ያዙለት። ለካ የነበረው የትንሹ አንጀት መነሻ ላይ ቁስለት ነው። አብዛኛውን እንዲህ ያለ ቁስለት የሚያመጣው ዛሬ እያንዳንዱ ክሊኒክ የሚመረምረው ኤች ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑ የታወቀው በ1980ዎቹ ነው፤ በዚያ ዘመን እረፍትና አጥሚት መሰል ምግብ ከማዘዝ ሌላ የነበረው ዋና ምርጫ ቢላዋ ነበር። እረፍት ሲያደርግ ይሻለዋል፣ ወደ መርከብ ሲመለስ ይነሳበታል። ስለዚህ ችግሩ ከጭንቀቱ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ሆነ። በዚህ ሦስት ዓመት አለፈ።

ሜይ 31 ቀን 1916፣ የእንግሊዝና የጀርመን ባሕር ኃይሎች የተጋጠሙበት የጁትላንድ ውጊያ ዕለት፣ መርከቡ ላይ ነበር፤ ግን ታሞ የሕመምተኛ ክፍል ተኝቶ። የውጊያ ጥሪ ሲሰማ ተነስቶ ወደ ቦታው ሄደ። ቦታው ከፊት ያለው “ኤ” የመድፍ ማማ ነው፤ ማማው ባለ 12 ኢንች ሁለት መድፎችን ይዞ የሚዞር ወፍራም የብረት ቤት ነው። የአንዱ ጥይት ክብደት 386 ኪሎ ይሆናል። ጥይቱም ባሩዱም ከመርከቡ ሆድ በማንሻ ይወጣሉ፤ በውሃ ግፊት የሚሠራ መግፊያ መጀመሪያ ጥይቱን፣ ቀጥሎ በ4 የሐር ከረጢት የተከፈለውን ባሩድ ከኋላ ወደ መድፉ ውስጥ ይገፋል፤ የኋላው መዝጊያ ይዘጋል፤ ይተኮሳል። ባሩዱ ብረት ሳይለብስ በጨርቅ ብቻ ስለሚመጣ አንድ የእሳት ብልጭታ ይበቃዋል። ያን ቀን የእንግሊዝ የጦር መርከቦቹ ኢንዲፋቲጌብል፣ ኩዊን ሜሪ እና ኢንቪንሲብል ፈንድተው የጠፉት በዚህ ነው፦ ቶሎ ቶሎ ለመተኮስ ሲባል የመከላከያ በሮች ክፍት ይተዉ ነበር፤ ትርፍ ከረጢትም መንገድ ላይ ይከመር ነበር። ማማው ሲመታ እሳቱ እስከ ታችኛው ግምጃ ቤት ወረደ። በሦስቱ መርከቦች ከ3,300 የሚበልጡ ሰዎች ሲሞቱ የተረፉት 30 አይሞሉም።

አልበርት የተቀመጠው በዚያው ዓይነት ባሩድ ላይ ነበር። ውጊያው ጋብ ሲል ከማማው ጣሪያ ወጥቶ ይመለከት ነበር፤ የጀርመን ጥይቶች ከመርከቡ ግራና ቀኝ ሲወድቁ በጣሪያው ቀዳዳ ዘሎ ገባ። መሃል ላይ ለመድፈኞቹ ካካዎ አፍልቷል። ኮሊንግዉድ በዋና መድፎቿ 84 ጥይት ተኩሳ ሳትመታ ወጣች። በኋላ ሲጽፍ ማማው ውስጥ ሳለ ፍርሃቱ እንደጠፋለት ተናግሯል። ስለ እሱ ሳስብ የ68ኛነቱን ወረቀት ሳይሆን ይህን ካካዎ ነው የማስታውሰው።

ከዚያ በኋላ ያለው የባሕር ዘመኑ አጭር ነው። በ1917 ማላያ በምትባል መርከብ ላይ ትንሽ ሠራ፤ ሆዱ እንደገና ከመርከብ አስወረደው። ኖቬምበር 29 ቀን 1917 በመጨረሻ ቁስለቱ በቀዶ ጥገና ታከመ፤ ዳነም። ምናለ ከሁለት ዓመት በፊት ቢደረግ! በፌብሩዋሪ 1918 ወደ ክራንዌል፣ ወደ አየር ክፍሉ ተዛወረ፤ ወደ ባሕር ሥራ አልተመለሰም። በዲሴምበር 1936 ወንድሙ ዙፋኑን ሲተው እንደ አባቱ ሁሉ ሁለተኛው ልጅ ነገሠ።

ጁን 20 ቀን 1943 ጠዋት አውሮራ የምትባል መርከብ ማልታ ገባች። ደሴቲቱ በቦምብ ስትደበደብ የከረመች ነች። ንጉሡ ነጭ የባሕር ኃይል ልብሱን ለብሶ፣ ከማዘዣው ድልድይ ፊት ለፊት በተሠራለት መቆሚያ ላይ ወጥቶ ነበር፤ በወደቡ ግንብ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ከሩቅ እንዲያየው።