50ዋ ሌንስ ዘጌ ላይ የጠበበች ዕለት

ባሕር ዳር ውስጥ ፎቶ ሥራ የጀመረ ወጣት ከካሜራው ጋር ከመጣው 18-55 ዙም ቀጥሎ የሚመኛት ሌንስ ብዙውን ጊዜ አንድ ናት፦ 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8። ሚሊ ሜትሩ ሲበዛ እይታው ይጠባል፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይበዛል። ቢመኛት አይፈረድበትም። ከሌሎቹ በዋጋ ትቀላለች፤ ዙሙ 55 ላይ ከሚያስገባው ብርሃን አሥር እጥፍ ገደማ ታስገባለች፤ ኋላውን አደብዝዛ ፊትን ታወጣለች። አብሮኝ የሚሠራው ልጅም ከደመወዙ ቆጥቦ ያገለገለች የካኖን 50 ከአዲስ አበባ አስመጣ።

ብዙም ሳይቆይ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሊሳለም የመጣ ቤተሰብ ፎቶ እንድናነሳው ቀጠረንና ዘጌ ተሻገርን። ጀልባው ላይ ሆኖ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው አነሳ፤ ግሩም ወጣ። በቡናው ጥላ ሥር ደግሞ እናትየዋን ለብቻቸው አነሳቸው፤ የነጠላቸው ጥለት ክሩ ሳይቀር ይታያል፣ ከኋላ ያለው ቅጠል ሁሉ ቀልጦ አረንጓዴ ሆኗል። እንዲህ ላለ ሥራ ከ50 የተሻለ በዚያ ዋጋ አላውቅም።

ጫማችንን አውልቀን ስንገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ መቅደሱ መሐል ላይ ይቆማል፣ ሥዕሎቹ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ናቸው፣ ሰው የሚያያቸው ዙሪያውን ካለው ጠባብ መተላለፊያ ነው። ፍላሽ ክልክል ነው፣ መሆንም አለበት። ስድስቱ የቤተሰብ አባላት ከሥዕሉ ፊት ተሰለፉ። ልጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ደግሞ አንድ፤ ጀርባው ከግድግዳው ተጣበቀ። «ጋሼ፣ አባትየውና ትንሿ ልጅ አልገባ አሉኝ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እንደ እሱ ያሉ የጀማሪ ካሜራዎች ሴንሰር፣ ማለትም ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ ከድሮው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያንሳል። በካኖን የሌንሱ ቁጥር በ1.6 ስለሚባዛ፣ 50ዋ የምትሰጠው እይታ በፉል ፍሬም (ሴንሰሩ የፊልሙን ያህል በሆነ) ካሜራ የ80ን ያህል ጠባብ ነው። ሁለት ሜትር ተኩል ርቀት ላይ የምታሳየው ወርድ 1.1 ሜትር ገደማ ነው፤ 24 ሚሊ ሜትር ብትሆን 2.3 ሜትር ይገባ ነበር። ስድስት ሰው በ1.1 ሜትር አይገባም።

18-55ቱን ከቦርሳ አውጥቼ ሰጠሁት። 24 ላይ አደረገው፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 አደረሰው፣ ክርኑን ከበሩ መቃን አስደግፎ በ1/15 ሰከንድ አነሳ። እኔ «አይንቀሳቀሱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» እያልኩ እለምናለሁ። ትንሿ ልጅ በአብዛኛው ፎቶ ላይ ተንቀሳቅሳለች፤ ጥቂቱ ተረፈልን፣ ቤተሰቡም ወደደው።

ስቱዲዮ ስንመለስ ልጁን ያስቀመጥኩት ኮምፒውተሩ ፊት ነው። ካሜራ እያንዳንዱ ፎቶ በስንት ሚሊ ሜትር እንደተነሳ ይመዘግባል። የቆዩ ሥራዎቹን ሲያይ ልደቱም፣ ክርስትናውም፣ የቤት ውስጥ ሠርጉም ከ22 እስከ 28 ባለው መሐል የተነሳ ሆኖ አገኘው። ገንዘብ ከማውጣት በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ መዝገብ ነው ባይ ነኝ። ያ ካልበቃ ዙሙን አንዴ 24፣ አንዴ 35፣ አንዴ 50 ላይ በፕላስተር አስሮ መሥራት ነው፤ እጅ ላይ ያለ ሌንስ በነጻ ይመልሳል።

የካኖን 24 ኤፍ 2.8 ለእሱ ልክ ናት። ከ1.8 ያነሰ ብርሃን ብታስገባም ክፍል ውስጥ ሰው ታስገባለች። ትንሽ ሴንሰር ያለው ኒኮን የያዘ ሰው ለዚያ ሴንሰር የተሠራችውን የዲኤክስ 35 ኤፍ 1.8ን ይፈልግ። ርካሽ ስለሆነች ብቻ አሮጌዋን የኒኮን 50 ኤፍ 1.8 ዲ እንዳይገዛ ግን አደራ፤ በዲ3000ና በዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች ላይ በራሷ ፎከስ አታደርግም፣ የካሜራውን ሞተር ትጠብቃለች፣ እነሱ ደግሞ ሞተሩ የላቸውም። ያገለገለ ሌንስ ሲገዛ በአንዱ ጫፍ የስልክ መብራት እያበሩ በሌላው ማየት ያስፈልጋል። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ውስጡ ካለ ሻጋታ ነው፤ እርጥበት ባለበት ቦታ በቦርሳ ታፍኖ የከረመ ሌንስ ላይ ይወጣል።

ልጁ አሁን ለ24ቷ እየቆጠበ ነው። 50ዋን ልሽጣት ሲል ከለከልኩት፤ ሙሽሮችን ጣና ዳር ለብቻቸው ስናነሳ የምንገጥመው እሷን ነው።