«ጠርዙ ነጻ ነው»፦ ጌታ ለጸሎቴ የሰጠኝ መልስ

የጌታ ስም ይባረክ! ያደረገልኝን በልቤ ይዤ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው። በተለይ የማህፀን በር ምርመራ ውጤት በእጃችሁ ይዛችሁ ለተጨነቃችሁ እህቶቼ።

ምንም አላመመኝም ነበር። ቁርጠት የለም፣ ደም የለም። እንዲሁ መደበኛ ምርመራ ተመርምሬ ኤችፒቪ 16 የሚባል፣ የማህፀን በር ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ቫይረስ ተገኘብሽ ተባልኩ። ኮልፖስኮፒ ታዘዘልኝ። ሐኪሟ የማህፀን በሬን አሴቲክ አሲድ ቀብታ በማጉያ መነጽር አየችው፤ ከነጣው ቦታ ላይ ትንሽ ናሙና ቆንጥራ ለፓቶሎጂ፣ ማለትም ሥጋው በማይክሮስኮፕ ወደሚታይበት ላቦራቶሪ ላከች። ውጤቱ «ሲን 3» ይላል። ከሥሩ «ከፍተኛ ደረጃ ለውጥ» የሚል ተጽፏል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፣ ይሄ ወረቀት ውሸት ይሁን» ከማለት ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም። እማዬ አብራኝ ስታለቅስ ቆየችና «ልጄ፣ እሱ ማስተዋልም ይሰጣል። ምን እንደያዘሽ እንድታውቂ ለምኚው» አለችኝ። አብረን ለመንነው።

መልሱ በዚያች ሐኪም አፍ መጣ። ቸኩላ አላባረረችኝም። ወንበሯን ወደ እኔ ስባ ወረቀት ላይ እየሳለች አስረዳችኝ። «በመጀመሪያ ይሄ ካንሰር አይደለም» አለች። ሲን 1 ሲባል ለውጡ የማህፀን በር ሽፋንን የታችኛውን አንድ ሦስተኛ ብቻ ይዟል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ሲን 2 እስከ ሁለት ሦስተኛው ይደርሳል። ሲን 3 ከዚያ አልፎ ሙሉ ውፍረቱን ሊይዝ ይችላል። ግን አጥሩን አልጣሰም። ካንሰር የሚባለው ከሽፋኑ ሥር ያለውን ስስ ድንበር ሰብሮ ወደ ውስጥ ሲገባ ነው።

«ባልታከምስ?» አልኳት። ሳትደብቅ ነገረችኝ። ሲን 3 ሳይታከም ከቀረ በ30 ዓመት ውስጥ ከ100 ሴቶች 30 ያህሉ ካንሰር ይይዛቸዋል። በደንብ ከታከመ ግን በዚያው 30 ዓመት ከ100 አንዷም አትሞላም። ይህ አሃዝ የተገኘው ከኒውዚላንድ ነው። እዚያ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1960ዎቹና በ70ዎቹ አንዳንድ ሴቶች በቂ ሕክምና ሳያገኙ፣ ብዙዎቹም ምን እየተደረገባቸው እንደሆነ ሳይነገራቸው ዝም ብለው ይታዩ ነበር። እነዚያን ሴቶች ሳስብ ዛሬም ልቤ ይደማል። የእኔ ሐኪም በእርግጠኝነት «እናክመው» ያለችው እነሱ በከፈሉት ዋጋ ነው። ስማቸውን ባላውቅም ስለ እነሱ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ኤችፒቪ ተገኘ ሲባል ብዙ ትዳር ውስጥ ጥርጣሬ ይገባል። ይህን ቫይረስ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ያደረገ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል። ለዓመታት ተደብቆ መቀመጥም ይችላል። ውጤቱ መቼ መጣ፣ ከማን መጣ የሚለውን አይናገርም። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ እጄን ይዞ «አብረን እንወጣዋለን» አለኝ። ይሄም ለእኔ የጸሎት መልስ ነበር።

ሕክምናው ሊፕ ይባላል። ማደንዘዣው ሲወጋ ትንሽ ጠቅ አደረገኝ፤ ልቤም ለአፍታ ድው ድው አለ። ከዚያ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ቀጭን የሽቦ ቀለበት የታመመውን ክፍል ቆርጦ አወጣው። የማሽኑ እዝዝታ ይሰማኛል፣ የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል። ነርሷ ትከሻዬን ይዛ «በርቺ፣ አለቀ» አለችኝ። በደቂቃዎች ነው ያበቃው። ለጥቂት ሳምንታት ቡናማ ፈሳሽ ነበረኝ፤ ከባድ ዕቃ ማንሳትና ግንኙነት ተከልክዬ ነበር።

ቀጣዩ ወረቀት ግን ከመጀመሪያው ይልቅ አስጨነቀኝ። ዓይኔ ሦስት ቃላት ፍለጋ ሮጠ። አገኘኋቸው፦ «ጠርዙ ነጻ ነው።» ተቆርጦ የወጣው ሥጋ ዙሪያው ጤነኛ ነው፤ የተበላሸው ክፍል ሙሉ በሙሉ መሃል ላይ ቀርቷል ማለት ነው። እዚያው ወንበር ላይ ጮክ ብዬ «ኢየሱስ ተመስገን!» አልኩ።

ሐኪሟ አብራኝ ፈገግ አለች። ቀጥላም ጠርዙ ነጻ ያልሆነላት ሴት ተስፋ እንዳትቆርጥ ነገረችኝ። ካንሰር አለባት ማለት አይደለም። ብዙዎቹ አይመለስባቸውም፤ ጠበቅ ያለ ክትትል ነው የሚያስፈልጋቸው። ነጻ የሆነላትም ብትሆን አደጋው ዜሮ ሆነ ብላ አትቀርም። ከሕክምናው በ6 ወር የሚደረገው የኤችፒቪ ምርመራ ከጠርዙ በላይ ስለ ወደፊቱ ይናገራል። የእኔ ነጻ ወጣ። ጌታ ይመስገን!

ከዚህ በኋላ የእኔ ሐኪም በምትከተለው መመሪያ ለ3 ዓመት በየዓመቱ፣ ከዚያ በየ3 ዓመቱ ቢያንስ ለ25 ዓመት እመረመራለሁ። ሲን 3 ታክማ የዳነች ሴት አደጋዋ ትንሽ ቢሆንም፣ ምንም ካልነበረባት ሴት ለረጅም ዓመታት ከፍ ብሎ ይቆያል። ሲጋራ ማጨስ ይጨምረዋል። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ እህቶች ደግሞ ክትትላቸው ከዚህም ይጠብቃል።

አንዲት የማከብራት የጸሎት ጓደኛዬ «ተፈውሰሻል፣ ምርመራውን ተዪው፤ አለዚያ መጠራጠር ነው» አለችኝ። በፍቅር እንዳለችው አውቃለሁ። እኔ ግን አልቀበለውም። ያን ሌሊት ማስተዋል ለምኜ ሰጠኝ፤ የሰጠኝን ማስተዋል እንዴት እጥላለሁ? ወደ ቀጠሮዬ የምሄደው እየዘመርኩ ነው።

ታናሽ እህቴ 30 ካለፋት ቆይቷል፤ ተመርምራ ግን አታውቅም ነበር። የእኔን ከሰማች በኋላ ራሷ ሄዳ ናሙና ሰጥታለች። ውጤቷ ገና አልመጣም። በጸሎታችሁ አስቧት። የመጣው ቢመጣ እንዴት እንደሚነበብ አብሬያት እቀመጣለሁ።