ባቡር መሥርቷት ባቡር የተዋት መንደር

ከሲድኒ ወደ ፐርዝ በሚወስደው ኢንዲያን ፓስፊክ ባቡር ተሳፍሬ፣ ዛሬ ናላርቦር የተባለውን የአውስትራሊያ ሜዳ ሳቋርጥ ዋልኩ። ምድሩ የኖራ ድንጋይ በመሆኑ የሚጥለው ዝናብ በስንጥቆቹ ሰርጎ ይጠፋል፤ ስለዚህም ወንዝ የለም፣ ከቁጥቋጦ በቀር ዛፍ እምብዛም አይታይም። ሐዲዱም 478 ኪሎ ሜትር ያህል አንድም ጊዜ ሳይታጠፍ ይሄዳል፤ በዓለም ላይ ይህን ያህል ርቀት ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ሌላ ሐዲድ የለም።

በዚህ መካከል ባቡሩ ቆም የሚልባት ኩክ የምትባል መንደር አለች። የተቆረቆረችው በ1917 እ.ኤ.አ. ከፖርት ኦገስታና ከካልጉርሊ የተነሡት ሐዲድ ዘርጊዎች ኡልዲያ በተባለ ቦታ ላይ ሲገናኙ ሲሆን፣ ስሟም ከቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ከጆሴፍ ኩክ የተወሰደ ነው። በደህናው ዘመኗ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና መዋኛ ገንዳ ነበራት፤ «ሻይና ስኳር» የሚል ስም የወጣለት ባቡርም አስቤዛውን ብቻ ሳይሆን ሥጋ ቤቱን ጭምር በፉርጎ ይዞላት ይመጣ ነበር። (ይህን ባየሁት ብዬ ተመኘሁ።) ውኃ የሚፈጀው የእንፋሎት ባቡር ከ1951 ጀምሮ ቦታውን ለናፍጣው ሲለቅ በመስመሩ ላይ የሚፈለገው ሠራተኛ ቀነሰ፤ በ1997 የባቡር ድርጅቱ ወደ ግል ሲዛወር ደግሞ ነዋሪው ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። አሁን የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎችና ከሐዲዱ አጠገብ ያሉት፣ ቁም ሣጥን የሚያህሉ ሁለት የእስር ክፍሎች ናቸው።

እኔን ይበልጥ የከበደኝ ግን የኡልዲያ ታሪክ ነው፤ የአገሩ ቀደምት ሕዝቦች ከየአቅጣጫው የሚሰባሰቡበትን ምንጭ የሐዲዱ ሰዎች ለባቡሩ ሲስቡት ኖረው፣ ውኃው ጨዋማ ሲሆን ትተውት ሄዱ።