የአንድ እግር እብጠት

ዛሬ የ32 ሳምንት ነፍሰ ጡር እህቴን ይዤ ለክትትል ሄጄ ነበር። ሁለቱም እግሮቿ ቢያብጡ ኖሮ «የእርግዝና ነው» ብለን ባለፍነው፤ ሆኖም የካልሲዋ ላስቲክ ጥልቅ መስመር የተወው በግራ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ብቻ ነበር። ሐኪሟ እንዳስረዱን፣ ከግራ እግር ደም የሚመልሰው የዳሌ ደም መልስ በቀኙ ደም ቅዳ ሥር ስለሚያልፍ በተፈጥሮው ለጫና የተጋለጠ ነው፤ ማህፀን ሲከብድ ጫናው ይብሳል፣ ደሙም ሊረጋ ይችላል። በአልትራሳውንድ የረጋ ደም በመታየቱ፣ ዋርፋሪን ከተባለው የደም ማቅጠኛ መድኃኒት በተለየ የእንግዴ ልጅን አልፎ ወደ ፅንሱ የማይደርሰውን ሌላ የደም ማቅጠኛ፣ ሄፓሪንን፣ በየቀኑ ከቆዳ ሥር እንድትወጋ ታዘዘላት። በጀርባዋ ሳይሆን በግራ ጎኗ እንድትተኛም ተነገራት። እናታችን ግን ሳምንቱን ሙሉ «በጨው ውኃ ንከሪው» ስትል ነበር የሰነበተችው። ማታ የመጀመሪያውን መርፌ እህቴ ራሷ ወጋች፤ እኔ ፊቴን አዞርኩ።