ላሊበላ ከሁለት ልጆች ጋር፦ በቀን ስንት ቤተ ክርስቲያን?

የጉዞውን ዝርዝር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጥር 2012 ዓ.ም. ነበር፤ የትልቁ ልጄ የመንፈቅ ዓመት ፈተና አልቆ የአንድ ሳምንት እረፍት አግኝቷል። ትልቁ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ አራት። እሑድ ደሴ ማደር፤ ሰኞ የደሴ ሙዚየም፣ አይጠየፍ አዳራሽ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ውጫሌ፣ ማታ ላሊበላ መግባት፤ ማክሰኞ ዐሥራ አንዱንም አብያተ ክርስቲያናት መሳለም፤ ረቡዕ ጠዋት ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ከሰዓት ነአኩቶ ለአብ፤ ሐሙስ መመለስ። ባለቤቴ ወረቀቱን አይቶ «ልጆቹስ መቼ ይበላሉ?» አለኝ። መኪና ውስጥ ይበላሉ አልኩት።

እንዲህ የማስበው በአስተዳደጌ ይመስለኛል። በእናቴ ቤት የተጀመረ ሥራ ሳያልቅ ከቦታው መነሳት ነውር ነበር፤ እኔም ገንዘብና ቀን የወጣበት ነገር ሳይታይ ሲቀር ያንገበግበኛል። በታኅሣሥ ወር ልጆቹን ጠዋት አንድነት ፓርክ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ የልጆች መጫወቻ ቦታ ወስደናቸው ነበር። አንድነት ፓርክ ከተከፈተ ያኔ ገና ሦስት ወር አልሞላውም ነበር፤ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ያለውን ሁሉ እናሳያቸው ብለን ረጅም መንገድ በእግር አስኬድናቸው። ሁለተኛው ቦታ ስንደርስ ትንሿ የተከፈለላት ፈረስ ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት። ይህን በዓይኔ አይቼ ነው እንግዲህ ዝርዝሩን የጻፍኩት።

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያለው አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሰላም አለፈ፤ ትልቁ በጣርማ በር ዋሻ ውስጥ እስከ መውጫው ትንፋሹን ያዘ፣ ከኮምቦልቻ በላይ የሐረጎን ጥምዝምዝ ስንወጣ ትንሿን አስመለሳት።

ደሴ የባለቤቴ አክስት ቤት አደርን። ወሎ ቤት ገብቶ በጠዋት መውጣት አይቻልም። አቦል ተጠጣ፣ ቶና ተጠጣ፣ በረካ ሳይጠጣማ እንዴት ይወጣል? ልጆቹ ጭሱ መሃል ከአክስታቸው የልጅ ልጆች ጋር ሲንከባለሉ እኔ በየደቂቃው ሰዓቴን አያለሁ። አክስቴ አስተውለውኝ ኖሮ ሲኒውን እያቀበሉኝ፣ «አብሽሪ ልጄ፣ ላሊበላ ስምንት መቶ ዓመት ቆሟል፤ ነገም ይቆያችኋል» አሉኝ። ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ፤ ልቤ ግን መንገድ ላይ ነበር። ስንወጣ አራት ሰዓት ሆኗል። ሙዚየሙም፣ አዳራሹም፣ ሐይቁም፣ ውጫሌም ቀሩ። በወልድያና በጋሸና አድርገን ላሊበላ የገባነው ከጨለመ ነው።

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከአስጎብኚያችን ጋር ቤተ መድኃኔ ዓለም ደጃፍ ቆምን። ርዝመቱ 33 ሜትር ከግማሽ ነው፣ ከአንድ ዐለት ተፈልፍለው ከወጡት ሁሉ ትልቁ ነው ሲለን፣ ትልቁ ልጄ የውጩን ዓምዶች እየነካ መቁጠር ጀመረ። በአንደኛው በኩል ዞሮ ሳይጨርስ «እንቀጥል» ተባለ። ቤተ ማርያም ግቢ ደግሞ ትንሿ ከገንዳው ፊት አልንቀሳቀስ አለች። ልጅ የሚሹ ሴቶች በገና የሚጠመቁበት ነው፤ ውሃው አረንጓዴ ለብሷል። ትልቁ ቀን ሰዎች፣ ሌሊት መላእክት ይሠሩ ነበር የሚለውን ሲሰማ «ሌሊት ሲፈልጡ የተኛ ሰው አይቀሰቀስም ነበር?» ብሎ ጠየቀ። አስጎብኚው ለመመለስ አፉን ሲከፍት እኔው ነኝ ወደሚቀጥለው በር የመራኋቸው።

ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ከሁሉ አስቀድሜ የምነግረው የጫማን ነገር ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጫማ ይወልቃል፣ ሲወጣ ይደረጋል። የትልቁ ማሰሪያ ያለው ነው፤ የትንሿ ቁርጭምጭሚት ላይ በዘለበት የሚያያዝ፣ ዘለበቱም ጠባብ። መድኃኔ ዓለም ላይ አወለቅኩ፣ አሰርኩ። ማርያም ላይ አወለቅኩ፣ አሰርኩ። በየበሩ ጎንበስ ብዬ ዘለበቱን ከቀዳዳው ጋር ሳታገል ዐሥር ደቂቃ ይሄዳል፤ ውስጥ የምንቆየው ከዚያ ያነሰበት ጊዜ ነበር። ቤተ መስቀል በር ላይ ትንሿ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠችና «አላወልቅም» አለች። አልፈረድኩባትም። ያለ ማሰሪያ የሚጠልቅ ጫማና ወፍራም ካልሲ ይዞ መሄድ ከማንኛውም ዝግጅት ይበልጣል።

የዕለቱ መልካም ሰዓት የመጣው ሳናስበው ነው። ቤተ ጎልጎታ ሴት ስለማይገባ ባለቤቴና ትልቁ ሲገቡ እኔና ትንሿ ከግድግዳው ጥላ ሥር ተቀመጥን። አጠገባችን አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ነጠላቸው ከመንገድ አቧራ ቀልቷል። ልጄን «ነይ የኔ እናት» ብለው የነጠላቸውን ጫፍ አነጠፉላትና ከጥለቱ የቋጠሩትን የሽምብራ ቆሎ ፈቱ። አንድ በአንድ እጇ ላይ ያኖሩላታል፣ አንድ በአንድ ትበላለች። ስንቱን እንደተሳለምን ጠየቁኝ፤ አራት አልኳቸው። «እኔስ ዛሬ ማርያምን ብቻ ብዬ ነው የመጣሁ፤ ነገ ደግሞ መድኃኔ ዓለምን» አሉኝ። በእግራቸው ሦስት ቀን ተጉዘው እንደመጡ ነገሩኝ። ሦስት ቀን የተጓዙት ሴት አልቸኮሉም። ልጄ ያንን ሁሉ ጊዜ ጫማዋን እንዳወለቀች፣ ጣቶቿን እያንቀሳቀሰች፣ አንዴም ሳታለቅስ ቆየች።

አብያተ ክርስቲያናቱ በቀትር ይዘጋሉ። ምሳ በልተን ልጆቹ ሊተኙ ሲገባ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ሁለተኛው ክፍል አመራን። ቤተ ዐማኑኤልን፣ መርቆሬዎስን፣ አባ ሊባኖስን እንዴት እንዳየናቸው ዛሬ በደንብ አላስታውስም። የማስታውሰው ከገብርኤል ወሩፋኤል ወገን ያለውን ጨለማ ዋሻ ነው። ያለ መብራት፣ እጅን ግድግዳው ላይ አድርጎ የሚታለፍ ነው፤ የሲኦል ምሳሌ ይሉታል። ትንሿ ከመግቢያው ስትጮህ ባለቤቴ ይዟት ተመለሰ። ትልቁ ግን እጄን ለቆ ፊት ፊት ሄደ፤ ብርሃኑ ጋ ስንደርስ ፊቱ በርቶ «እማዬ፣ እንደገና!» አለኝ። ጊዜ የለንም፣ ጊዮርጊስ ይቀረናል አልኩት። ከአዲስ አበባ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ከልቡ የወደደው አንድ ነገር ይህ ነበር፤ እኔ ለወረቀት ብዬ ከለከልኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ቤተ ጊዮርጊስ ስንደርስ ትንሿ በአባቷ ጀርባ ላይ ተኝታለች። ጣሪያው ላይ መስቀል በመስቀል ውስጥ የተቀረጸውን ከላይ ቆሞ ማየት የትኛውም ፎቶግራፍ የማይተካው ነገር ነው። ወላጅ ግን ልብ ይበል፤ ጉድጓዱ 12 ሜትር ያህል ይጠልቃል፣ በከንፈሩ ዙሪያም አጥር የለም። የትልቁን እጅ አንቄ ይዤ ስለነበር መስቀሉን በቅጡ አላየሁትም። ታች ወርደን ግን የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ የኮቴ ምልክት የሚባለውን ሲያሳዩት መዳፉን እየለካ ደስ ብሎት ነበር። ከዚያ ወደ ሆቴል የወሰደን ባለባጃጅ የተኛችውን ልጅ አየት አደረገና 200 ብር ጠየቀ። በማግስቱ ያንኑ መንገድ በ40 ብር ሄድን። የገንዘቡ ብዛት አይደለም ያናደደኝ፤ ልጅ ተሸክመን በእግር እንደማንሄድ ስላወቀ መሆኑ ነው።

ሌሊቱ ከፋ። ቁንጫ ከየትኛው ምንጣፍ እንደተከተለን እንጃ፣ የትንሿ ወገብ ዙሪያውን ቀልቶ እያከከች ታለቅሳለች። በስልክ መብራት አንሶላውን እያገላበጥኩ ሰባት ሰዓት ሆነ። የሆቴሉ ዘበኛ ለቅሶውን ሰምተው መጡ፤ ምንም ሳይሉ ተመልሰው ሄዱና ከግቢው የእሬት ቅጠል ቆርጠው አመጡልን። ገላዋን ስቀባት ቀዝቀዝ አላትና ተኛች። ጠዋት ገንዘብ ልሰጣቸው ብል «ለልጅ?» ብለው እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ።

እኔና ባለቤቴ እንቅልፍ እምቢ ሲለን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ተከራከርን። ይምርሐነ ክርስቶስ 42 ኪሎ ሜትር ነው፣ መንገዱ ኮረኮንች፣ ከመኪና ወርዶም በጥድ ደን ውስጥ ዳገት አለው። እሱ ትልቁን ይዞ ይሂድ፣ እኔ ከትንሿ ጋር ልቅር የሚል ሐሳብ አቀረበ። ትልቁ እንደሚችለው አውቃለሁ፤ ብዙ ማየት የሚችልም የሚወድም ልጅ ነው፤ ዕድሜው ከዚያ ከፍ ያለ ልጅ ብቻ ቢኖረኝ ሁለት ቦታ በቀን እል ነበር። አራት ዓመት ግን ሌላ ነገር ነው። ደግሞም ተለያይቶ መዋል የሚያውቅ ቤተሰብ አይደለንም፤ ሁላችንም አንድ ላይ ያላየነው ነገር ቤታችን ሲገባ ወሬ አይሆንም። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፦ በቀን አንድ ቦታ፣ እሱም ከምሳ በፊት። ይምርሐነ ክርስቶስ ይቅር። አንድ ቀን እንጨምር።

ረቡዕ ልጆቹ እስኪበቃቸው ተኙ። ከዚያ ትልቁን ወደ ዋሻው መለስኩት። ሦስት ጊዜ ገብቶ ወጣ፤ በሦስተኛው ዓይኑን ጨፍኖ እንደሄደ ነገረኝ፣ ጨለማው ያው ስለሆነ። ሌላ ምንም አላየንም።

ሐሙስ ነአኩቶ ለአብ ሄድን፤ ከከተማው ብዙ አይርቅም፣ በአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ነው። ከዋሻው ጣሪያ ውሃ እየተንጠባጠበ በተቦረቦሩ ድንጋዮች ላይ ይወርዳል፤ ጠበል ነው። ትንሿ ጫማዋን አንዴ አወለቀችና አበቃ። ከድንጋዩ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ጆሮዋን አዘነበለች። የሞላው ድንጋይ ጠብታውን ሲቀበል ወፍራም ድምፅ አለው፣ ያልሞላው ቀጭን። እኔ አልሰማሁትም ነበር፤ እሷ ናት ያሰማችኝ። ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደች ስም አወጣችላቸው፦ ይሄ አባዬ፣ ይሄ እማዬ፣ ይሄ እኔ። አንድ ቄስ መስቀል ሊያሳልሙን መጥተው እሷን ሲያዩ እስክትጨርስ ቆመው ጠበቁ። አንድ ሰዓት ተኩል ቆየን።

አርብ ስንመለስ ልጆቹ ከመርሳ በኋላ ተኙ። ውጫሌ ስንደርስ ባለቤቴ ፍጥነቱን ቀንሶ አየኝ። በ1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመበትን ምድር ልጄ ቢያይልኝ እወድ ነበር፤ ትምህርት ቤት መማሩ አይቀርም። የተኙትን አየሁና «ይተኙ» አልኩት።

ሐይቅ ላይ ቀሰቀስናቸው። የተጠበሰ ዓሣ አዘዝን፤ ለአራታችን ከበቂ በላይ ነበር። የእስጢፋኖስ ገዳም ወንዶች ብቻ ስለሚገቡበት ባለቤቴ ልጁን ይዞ ለመሄድ አስቦ ነበር፤ ትልቁ ግን ጠፍጣፋ ድንጋይ እየመረጠ ውሃው ላይ ማስኬድ ይዞ ስለነበር ድንጋይ ያቀብለው ጀመር። ትንሿ ዳሩ ላይ ቁጢጥ ብላ እጇን ትነክርና ከጣቶቿ ታንጠባጥባለች፣ ጆሮዋን ታዘነብላለች፣ ደግማ ትነክራለች።

«እማዬ» አለችኝ፣ «ይሄኛው ትልቅ ስለሆነ ድምፅ የለውም።»

ወደ ደሴ የተነሳነው ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አክስቴ ቡና ቆልተው ጠበቁን።